የጨረርን ሥራ በችኮላ መለካት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጨረር የካንሰርን ሴል ብዙውን ጊዜ በቅጽበት አይገድለውም። ዲ ኤን ኤው የተበጣጠሰ ሴል አንዴ ወይም ሁለቴ ለመከፋፈል ይሞክራል፤ የሚሞተውም ያኔ ነው። በላብራቶሪ የሚታዩት ብዙዎቹ ስህተቶች ይህን ከመርሳት ይመጣሉ።

በሁለተኛው ቀን መደምደም

ኤምቲቲ የሚባለው የቀለም ፈተና ፈጣን ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል። ጨረር ይሰጣል፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ቀለሙ ይነበባል፣ አለቀ። ግን ፈተናው የሚያሳየው ሴሉ ሥራ ላይ መሆኑን እንጂ መራባት መቻሉን አይደለም። መከፋፈል ያቃተው ሴል ለቀናት በሕይወት ቆይቶ ቀለሙን በደንብ ሊያሳይ ይችላል። ያኔ ጨረሩ ምንም ያልሠራ ይመስላል።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ሴል ዘር ይተካል ወይስ አይተካም? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የኮሎኒ ፈተና ነው። ተመራማሪዎቹ ፓክና ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1956 ሄላ በሚባሉት የሰው የማህፀን በር ካንሰር ሴሎች የሠሩት ሥራ እስከ ዛሬ መሠረቱ ነው። ሴሎቹን ነጣጥለው ይዘራሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጠብቃሉ፣ ቢያንስ 50 ሴል ያለውን ክምችት እንደ አንድ ኮሎኒ ይቆጥራሉ። አሰልቺ ነው። ቢሆንም ሌላ ፈጣን ፈተና ከመምረጥዎ በፊት ከዚህ ጋር ያመሳክሩት።

ማነጻጸሪያውን መዝለል

ጨረር ያልነካው ሴል ሁሉ ኮሎኒ አይሆንም። ለምሳሌ ጨረር ካላገኙ 100 ሴሎች 60 ኮሎኒ በቀለ እንበል። 6 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ካገኙ 2,000 ሴሎች ደግሞ 48 ኮሎኒ ወጣ። 48ን ለ2,000 ብቻ ካካፈሉ 2.4 በመቶ ይላል። ትክክለኛው ስሌት ግን 48ን ለ1,200 ማካፈል ነው፤ ምክንያቱም ከ2,000ው ያለ ጨረርም ይበቅል የነበረው 1,200 ብቻ ነው። ስለዚህ የተረፈው 4 በመቶ ነው። ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ሴሎቹ ተጣብቀው ከተዘሩም ቁጥሩ ይዛባል። ከተጣበቁት ሁለቱ አንዱ ቢተርፍ ኮሎኒው ይበቅላል፣ ጨረሩም ከእውነቱ የደከመ ይመስላል። ከመዝራትዎ በፊት በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ።

ግራፉን በተራ ሚዛን መሣል

አንድ ቢሊዮን ሴል ካለው ዕጢ 99 በመቶው ቢሞት 10 ሚሊዮን ይቀራል። በተራ ሚዛን ይህ ዜሮ ይመስላል። እያንዳንዱ እርከን 10 እጥፍ የሚለይበትን የሎጋሪዝም ሚዛን ይጠቀሙ።

ኦክስጅንን መርሳት

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። በኤክስሬይ ኦክስጅን ያጣን ሴል ለመግደል በደንብ ኦክስጅን ካገኘው እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ የጨረር መጠን ያስፈልጋል። ቶምሊንሰንና ግሬይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1955 የሳንባ ዕጢዎችን መርምረው ከደም ሥር የራቀው ክፍል እንደሚሞት አሳይተዋል። ከሞተው ክፍል ጠርዝ ላይ ደግሞ ኦክስጅን ያጠራቸው፣ ግን በሕይወት ያሉ ሴሎች አሉ። በአየር ውስጥ ያደገ ስስ የሴል ንጣፍ እነዚህን አይወክልም።

ኦክስጅን በተቀነሰበት ሳጥን የሚሠሩም አንድ ነገር ያመልጣቸዋል። ሴሎቹ የሚያድጉበትን ሳህን (ዲሽ) ከሳጥኑ አውጥተው ወደ ጨረር ማሽኑ ሲወስዱ አየር ይገባል። ፕላስቲኩ ራሱ እንኳ ኦክስጅን አምቆ ቀስ እያለ ይለቃል። ዕቃው አየር እንዳያስገባ ታሽጎ እንዳለ ጨረሩን ይስጡ፤ ከተቻለም የመስታወት ዲሽ ይጠቀሙ።

አይጥ ላይ ሲደርሱ

ዕጢዎቹ ጨረር ሲጀመር ተቀራራቢ መጠን ይኑራቸው። በሳምንቱ መጠኑ ስላልቀነሰ ብቻ አልሠራም አይበሉ፤ የሞቱት ሴሎች እስኪወገዱ ጊዜ ይፈልጋል። ይልቅ ዕጢው ወደተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ ወደ 4 እጥፍ፣ ለመድረስ ስንት ቀን እንደዘገየ ይለኩ። ማደንዘዣም የሰውነት ሙቀትንና የደም ዝውውርን ስለሚቀይር የዕጢውን ኦክስጅን ይነካል። ጨረር የማይሰጣቸው ማነጻጸሪያ አይጦችም ያንኑ ማደንዘዣ ይውሰዱ።

ሦስት ዲሽ ሦስት ሙከራ አይደለም

በአንድ ቀን ከአንድ ጠርሙስ የተዘሩ ሦስት ዲሾች አንድ ሙከራ ናቸው። የመዝራቱ ስህተት ሦስቱም ላይ እኩል ይገባል። በሌላ ቀን፣ በአዲስ ሴል፣ የማሽኑን የጨረር መጠንም እንደገና ለክተው ይድገሙት።