ልጁ ወላጁን ሲክድ፦ በጃቫ የክላስ ሎዲንግ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ኮዱ ያለ አንዳች ቅሬታ ኮምፓይል ይሆናል። ቶምካት በተባለው የጃቫ ዌብ ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን «የካርድክፍያ ወደ ክፍያ ሊቀየር አይችልም» ብሎ ክላስካስትኤክሴፕሽን የተባለውን ስህተት ይጥላል። ፋይሉን ከፍታችሁ ብታዩት የካርድክፍያ የተባለው ክላስ (ልጁ) ክፍያ የተባለውን ክላስ (ወላጁን) ኤክስቴንድ ያደርጋል፣ ማለትም ይወርሳል፤ ኦብጀክቱ ክፍያ ነው ወይ ብላችሁ በኢንስታንስኦፍ ብትጠይቁ ግን መልሱ ፎልስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ኮዱን መነካካት ይጀምራል። ተዉት፣ ኮዱ ጤነኛ ነው።

ምክንያቱ፦ ጄቪኤም (የጃቫን ፕሮግራም የሚያስኬደው ሞተር) ክላስን የሚለየው በሙሉ ስሙና በጫነው ክላስ ሎደር (ክላሶችን ፈልጎ ወደ ሜሞሪ በሚያስገባው ክፍል) ነው። አንድ ስም ያላቸውን ክላሶች ሁለት ሎደሮች ከጫኗቸው፣ ባይታቸው አንድ በአንድ ቢመሳሰል እንኳ ሞክሼዎች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ውርስ ላይ የሚደርሰው እንዲህ ነው፦ የካርድክፍያ ከመፈጠሩ በፊት ወላጁ መገኘት አለበት፤ ጄቪኤም ወላጁን አምጣ የሚለው ደግሞ የልጁን ሎደር ነው። በተለመደው አሠራር ሎደሩ ጥያቄውን መጀመሪያ ለበላዩ ስለሚያስተላልፍ ክፍያ አንዴ ብቻ ይጫናል። የቶምካት ዌብ አፕሊኬሽን ሎደር ግን፣ እንደ ጃቫ የራሱ ክላሶች ካሉ ጥቂቶች በስተቀር፣ ቀድሞ የሚያየው ዌብ-ኢንፍ የተባለውን የአፕሊኬሽኑን ፎልደር ነው። ክፍያን የያዘው ያው ጃር (የክላሶች ጥቅል ፋይል) በቶምካት ሊብ ፎልደርም በዌብ-ኢንፍ ሊብም ከተቀመጠ፣ ልጁ አንደኛውን ክፍያ ይወርሳል፤ ክላሱን በስሙ ፈልጎ ኦብጀክት የሚፈጥረው፣ በቶምካት ሊብ ያለው የጋራ ኮድ ደግሞ ሌላኛውን ይጠብቃል።

ለማረጋገጥ በኦብጀክቱ ላይ ጌትክላስ፣ ጌትሱፐርክላስ፣ ጌትክላስሎደር እያላችሁ ውጤቱን አሳትሙ። በጋራው ኮድ በኩልም የክፍያን ሎደር አሳትሙ። ሁለቱ ከተለያዩ ችግሩ ተገኘ። ከጃቫ 11 ወዲህ የስህተቱ መልእክት ራሱ ሎደሮቹን ይጠቅሳል፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መፍትሄው፦ በዌብ-ኢንፍ ሊብ ያለውን ቅጂ አውጡ። ሜቨን የተባለውን የቢልድ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ የጃሩን ስኮፕ ፕሮቫይድድ አድርጉ (ሰርቨሩ ስላለው ከአፕሊኬሽኑ ጋር አይጠቅለል ማለት ነው)፤ በእጅ ብቻ ካጠፋችሁት የሚቀጥለው ቢልድ መልሶ ያመጣዋል።

ኖክላስዴፍፋውንድኤረር የተባለው ስህተት የወላጁን ስም ጠርቶ ከመጣ ነገሩ ቀላል ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ የወላጁ ጃር ሰርቨሩ ላይ የለም፤ ጨምሩት።

እኔን የሚያሳስበኝ ድምፅ የሌለው ስህተት ነው። ወላጁ በጋራው ሎደር፣ ልጁ በአፕሊኬሽኑ ሎደር ተጭነው የፓኬጅ ስማቸው አንድ ነው እንበል። ወላጁ ፐብሊክም ፕሮቴክትድም ያልተባለ፣ ማለትም በፓኬጁ ውስጥ ብቻ የሚታይ፣ ሂሳብ የሚሰላበት ሜተድ አለው፤ ልጁም ኦቨራይድ አድርጎታል፣ ማለትም በራሱ ሜተድ ተክቶታል። ሎደሮቹ ስለተለያዩ ጄቪኤም ፓኬጆቹንም ሁለት አድርጎ ያያቸዋል፤ ወላጁ ያንን ሜተድ ሲጠራ የሚሮጠው የራሱ የወላጁ ነው። ስህተት አይወጣም፣ ሂሳቡ ብቻ ይሳሳታል። ኦቨራይድ የሚለው አኖቴሽንም አያድናችሁም፤ ኮምፓይለሩ ሎደሮችን አያይም። ሜተዱን በወላጁም በልጁም ፕሮቴክትድ አድርጉትና ሁለቱንም ጃሮች እንደገና ቢልድ አድርጉ።