እንቦሳው ትንፋሽ ሲያጥረው፦ ሐኪም እስኪደርስ የሚሠራ ሥራ

ጥጃው ከእናቱ ተላቆ መሬት እንደነካ ሰዓት ይዩ። ደህና እንቦሳ በ30 ሰከንድ፣ ቢዘገይ በ1 ደቂቃ ውስጥ ያስነጥሳል፣ ራሱን ያነቃንቃል፣ መተንፈስ ይጀምራል። ካልጀመረ መዳፍዎን ከግራ የፊት እግሩ ክርን ጀርባ፣ ደረቱ ላይ ያሳርፉ። ልቡ እየመታ ከሆነ ተስፋ አለው፤ ያለዎት ግን 4 ወይም 5 ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ቢተርፍ እንኳ አንጎሉ ይጎዳል። ባሕር ዳር ዳር ላይ ላም ለሚያረባም ሆነ ክረምት ውሃ በሚተኛበት የፎገራ ሜዳ ለሚኖር ገበሬ፣ በዚህ ደቂቃ ውስጥ ሐኪም አይደርስለትም። አንድ ሰው ስልክ ይደውል፣ ሌላው ጥጃው ላይ ይሥራ።

መጀመሪያ መተው ያለበትን እንናገር። ጥጃን በኋላ እግሮቹ አንጠልጥሎ ማወዛወዝ የቆየ ልማድ ነው። ውሃ ሲወርድ ስለሚታይ ሳንባው የጸዳ ይመስላል። የሚወርደው ግን በአብዛኛው ከጨጓራው የሚወጣ ፈሳሽ ነው። በዚያ ላይ ሆድ ዕቃው ሁሉ ወደ ደረቱ ተንሸራቶ ድያፍራሙን (ደረትና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ይጫነዋል፤ ገና አየር ያልገባበት ሳንባ የሚነፋበት ቦታ ያጣል። እባካችሁ ጥጃ አታንጠልጥሉ።

ይልቁንስ በደረቱ ያስቀምጡት። ሁለቱን የኋላ እግሮች ከሆዱ ግራና ቀኝ ወደ ፊት ይሳቡ፣ የፊቶቹን ከጉልበታቸው ይጠፉ፣ አቀማመጡ የእንቁራሪት ይምሰል። እንዳይወድቅ በሁለቱ ጎን ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ያስደግፉ። ጥጃ በጎኑ ሲተኛ የታችኛው ሳንባ በራሱ ክብደት ይጨፈለቃል፤ በደረቱ ሲቀመጥ ግን ሁለቱም እኩል ይነፋሉ። ከሁሉም እርዳታ ቀላሉ ይህ ነው፣ ከሁሉም የሚረሳውም ይኸው ነው።

ራሱን ትንሽ ዝቅ አድርገው በንጹሕ ጨርቅ በተጠቀለለ ጣት ከምላሱ ሥር ያለውን ልሃጭ ጠርገው ያውጡ። ከዓይኑ በታች ጀምረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አፍንጫውን ወደ ታች እየጨመቁ ንፍጡን ያፍስሱ። ይህ ከ20 ሰከንድ በላይ አይፍጅ። ቀጥሎ ደረቅ አገዳ ወደ አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ጣት ያህል ገባ አድርገው ይነካኩት። የጤፍ ጭድ ስለሚልም አያስነጥስም፤ የሩዝ አገዳ ወይም ሰንበሌጥ ይሻላል። የሚፈለገው እንዲያስነጥስና በድንገት አየር እንዲስብ ነው። ካልሆነ አንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ማጅራቱና ጆሮው ላይ በድንገት ያፍስሱ። አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጥጃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ወዲያው ያድርቁት። በአፍንጫው ግን ውሃም ሆነ ሌላ ምንም ፈሳሽ አይጨመር። ይህ ሁሉ ሲሆን ሌላ ሰው ደረቱንና ጀርባውን በደረቅ ጆንያ ጠንከር አድርጎ ይሸው፤ ላሟ በምላሷ የምትሠራው ሥራ ነው።

አሁንም ትንፋሽ ከሌለ አየር መስጠት ነው። የጥጃ መተንፈሻ ፓምፕና ጭንብል ካለ መልካም፤ ከሌለ አጭር ንጹሕ የጎማ ቱቦ ይበቃል። አንገቱን ወደ ፊት ዘርግተው አፉንና አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በእጅዎ ይዝጉ፣ በሌላው ቀዳዳ በቱቦው ይንፉ። ረዳትዎ ከጉሮሮው ጀርባ በአንገቱ ግራ በኩል በጣቱ ለስለስ አድርጎ ይጫን። የምግብ ቧንቧው በዚያ ስለሚያልፍ ካልተያዘ አየሩ ወደ ሆድ ይሄዳል። ደረቱ ትንሽ ከፍ እስኪል ብቻ ይንፉ፣ እስኪወርድ ይልቀቁ፣ በ3 ወይም በ4 ሰከንድ አንዴ ይደጋግሙ። በኃይል ሲነፉ ሳንባው ይቀደዳል። አፍዎን በቀጥታ አፍንጫው ላይ አያድርጉ፤ ላም የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ በእንሽርት ውሃና በእንግዴ ልጅ ወደ ሰው ይተላለፋል። ጓንትም ያድርጉ።

ትንፋሽ ከጀመረ በኋላ አይለዩት። በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ መተንፈስ ደህና ነው። ድዱን ይዩ፦ ሮዝ መሆን አለበት፤ ሰማያዊ ወይም ነጭ ከሆነ አየር አልበቃውም። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሳይደገፍ በደረቱ መቀመጥ፣ በ1 ሰዓት መቆም፣ በ2 ሰዓት ውስጥ መጥባት ይጠበቅበታል። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ወይም አየር ባስወጣ ቁጥር የሚያቃስት ጥጃ ሐኪም ያስፈልገዋል። ጠጉሩ አጭርና ሐር የመሰለ፣ ሰኮናው የለሰለሰ ከሆነ ያለ ቀኑ ተወልዷል፤ ሳንባው ገና ስላልበሰለ የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። አካሉ በቢጫ አይነ ምድር ከተለወሰ ማህፀን ውስጥ እያለ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። በኃይል የተሳበ ጥጃ ደግሞ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ በጣት እየዳሰሱ ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ትልቅ ስሕተት መጋት ነው። ትንፋሹ ያልረጋ ጥጃ መዋጥና መተንፈስ አብረው አይሆኑለትም፤ በጠርሙስ የተጋተው እንገር ሳንባው ይገባና በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ በሳንባ ምች ይወስደዋል። ንጹሕ ጣትዎን አፉ ውስጥ ያስገቡ። አጥብቆ ከጠባ ለጡት ደርሷል፤ ካልጠባ ይቆይ። ከተወለደ 4 ሰዓት እስኪሞላው ካልጠባ በቱቦ ወደ ሆዱ የሚሰጥለት የሠለጠነ ሰው ይጥሩ፣ የእንገር መከላከያ ወደ ደሙ በደንብ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ነውና። መጠኑ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነው፦ 20 ኪሎ ለሚሆን የፎገራ ጥጃ 2 ሊትር፣ 30 ኪሎ ለሚመዝን ዲቃላ 3 ሊትር። ለቤት የሚታለበው ከዚያ የተረፈው ነው።

እትብቱን በአዮዲን ቲንክቸር ይንከሩ። ሙቀቱ ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ከ37.5 ከወረደ የሞቀ ውሃ የያዘ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልለው ጎኑ ያድርጉለት። ምድጃ ዳር አያስተኙት፣ የደከመ ሳንባ ጭስ አይችልም። በረቱም እንደዚያው ነው። ጥጃው በሚተኛበት ከፍታ ተንበርክከው ያሽቱ፦ የሽንት ሽታ ዓይንዎን ከቆጠቆጠው የሱንም ሳንባ ይቆጠቁጠዋል። በሐምሌና በነሐሴ ወለሉ ስለማይደርቅ የሩዝ ገለባውን ሲተኛ እግሮቹ እስኪሸፈኑ ድረስ ያብዙ፣ የረጠበውንም በየቀኑ ያውጡ። በቀጣዮቹ ቀናት ቢያስል፣ ከ39.5 በላይ ቢያተኩስ፣ ትንፋሹ ከ60 ቢያልፍ የተረፈ ኦክሲቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲክ) ከቤት አውጥተው አይውጉት፤ መድኃኒቱንና መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ብዙው ችግር የሚጀምረው ምጥ ላይ ነው። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ጊደር 2 ሰዓት፣ የወለደች ላም 1 ሰዓት ለውጥ ሳታሳይ ከቆየች ይደውሉ። የሚታየው ሰኮና መርገጫው ወደ ላይ ከዞረ ጥጃው በኋላው እየመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ራሱ ሳይወጣ እትብቱ ስለሚቆነጠጥ ወዲያው ይደውሉ። ከሁለት ሰው በላይ አይሳብ፣ የሚሳበውም ላሟ ስታምጥ ብቻ ነው። ለትንሽ የአገር ጊደር የሆልስቴይን ዘር ሲያስገቡ ጥጃው ከዳሌዋ መውጫ በላይ ሊተልቅ ይችላል፤ ለመጀመሪያ ወሊድ የፎገራ ወይም የጀርሲ ዘር እንዲሰጥዎት አዳቃዩን ይጠይቁ።

ስልክ ሲደውሉ አራት ነገር ይዘው ይደውሉ፦ ምጡ የጀመረበትን ሰዓት፣ ጥጃው የተወለደበትን ሰዓት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ፣ የድዱን ቀለም።