ሥርዓተ ፀሐይን ከልጆች ጋር ገጣጥሞ መቀባት፣ እንዴት?

ሥራው ከባድ አይደለም። ከባዱ መጠበቅ ነው። የፕላኔቶቹን ኳሶች የያዘው ካርቶን ሲከፈት ልጆች ሁሉንም ኳስ በአንዴ መቀባት ይፈልጋሉ፣ ቀለም ደግሞ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ያልደረቀ ሰማያዊ ላይ አረንጓዴና ቡኒ ከጨመራችሁበት የምትወጣው መሬት ሳትሆን ጭቃ ናት። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ እሁድ የሚያልቅ ሥራ አድርጋችሁ ያዙት። ስለ ፕላኔቶቹ ወሬ የሚወራውም ቀለሙ እስኪደርቅ ነው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ የሥራው ዋና ክፍል እሱ ነው።

ዝግጁ ኪት ብዙ ጊዜ የፎም ወይም የፕላስቲክ ኳሶች፣ ትንንሽ ቀለሞች፣ ብሩሽ፣ ዘንግና ክር ይዞ ይመጣል። ኪት ካላገኛችሁ ወይም ዋጋው ካስደነገጣችሁ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ በፕላስተር ጠቅልሉት፣ ከዚያ ቁርጥራጭ ወረቀት በኮላ እየነከራችሁ ለጥፉበት። ልክክ ያለ ክብ አይወጣም። ችግር የለውም፣ ልጆቹ አይከሷችሁም።

መጀመሪያ ኳሶቹን በመጠን ደርድሩ። ትልቁ ጁፒተር ነው፣ ቀጥሎ ሳተርን፣ ከዚያ ዩራነስ፣ ኔፕቱን፣ መሬት፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ መጨረሻ ላይ ሜርኩሪ። ዩራነስና ኔፕቱን በመጠን በጣም ይቀራረባሉ፣ መሬትና ቬነስም እንዲሁ፤ የቱ የቱ ነው ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። በፀሐይ ጉዳይ ግን ኪቱ ይዋሻል፣ ወዶም አይደለም። 109 መሬቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ነው የፀሐይን ስፋት የሚሞሉት፣ እንዲህ ያለ ኳስ ካርቶን ውስጥ አይገባም። ይህን ለልጆቹ ገና ሲጀመር ንገሯቸው። ቆየት ያለ ኪት ከሆነ ደግሞ ፕሉቶን ጨምሮ ዘጠኝ ፕላኔት ሊኖረው ይችላል። ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፕላኔትነት ወርዳ ድንክ ፕላኔት ተብላለች፤ ትርፏን ኳስ ጨረቃ አድርጓት፣ መሬት አጠገብ ታምራለች።

ቀለም ከመነካቱ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ፎም ላይ ማስቲሽም ሆነ ስፕሬይ ቀለም እንዳታስነኩ። ውስጣቸው ያለው ማሟሟቻ ፎሙን ይበላዋል፣ ኳሱ ዓይናችሁ እያየ ይሰረጉዳል። የሚያዋጣው በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለምና ነጩ የእንጨት ኮላ ነው። አክሪሊክ ልብስ ላይ ከደረቀ አይለቅም፣ ስለዚህ ያረጀ ቲሸርት አልብሷቸው፣ ጠረጴዛው ላይም ጋዜጣ አንጥፉ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ትንንሾቹን ኳሶች ከእጁ አርቁ፣ አፉ ውስጥ ነው የሚከታቸው።

አሁን ትንሾቹን ኳሶች ስቴኪኒ ላይ፣ ትልልቆቹን ረዘም ያለ ቀጭን እንጨት ላይ ሰኩ። የእንቁላል ካርቶን ገልብጣችሁ እንጨቶቹን ብትተክሉበት ጥሩ ማድረቂያ ይሆናል፤ ኳሶቹ ጠረጴዛም አይነኩ፣ እርስ በርስም አይነካኩ። ፎሙ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ኮላ በትንሽ ውሃ አቅጥናችሁ አንዴ ቀቡት፣ ሲደርቅ ነጭ ቀለም ድገሙበት። ይህን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፣ ከዚያ ቀለሙ ለምን ፈዘዘ ይላሉ። የፕላስቲክ ኳስ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ግማሾች ከገጠማችሁ በኋላ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጉት።

ቀጥሎ ክፍፍል። ጠብ የሚነሳው በመሬትና በሳተርን ነው፣ አስቀድማችሁ በዕጣ ጨርሱት። ለትንንሾቹ ፀሐይን፣ ቬነስንና ማርስን ስጡ፣ በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው። ጁፒተር ትዕግሥት ላለው ልጅ ነው።

ሜርኩሪ ግራጫ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ በብሩሹ ጭራ ተጫን ተጫን አድርጉት፣ ጉድጓዶቹ ይወጣሉ። ቬነስን የኪቱ መመሪያ እሳት የመሰለ ብርቱካናማ አድርጉ ሊላችሁ ይችላል፤ ያ ቀለም የመጣው በራዳር ከተነሱ የገጽታዋ ምስሎች ነው። በዓይን ሲታይ ቬነስ በደመና የተሸፈነች ናት፣ ነጣ ያለ ቢጫ ይበቃታል። ማርስ ቀይ ቡኒ፣ ያውም የዝገት ቀለም፣ ምክንያቱም አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ዝጓል። ጫፍና ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ለበረዶው።

መሬትን ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ቀብታችሁ አድርቁ። ከዚያ በእርሳስ አፍሪካን ሳሉ፣ ቀንዷንም አትርሱ፣ ልጆቹ እኛ የት ነን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የብሱን አረንጓዴና ቡኒ ካደረጋችሁ በኋላ ስፖንጁን ነጭ ነክራችሁ፣ ጋዜጣ ላይ ጠረግ አድርጋችሁ፣ አለፍ አለፍ እያላችሁ አስነኩት። ደመናው እሱ ነው።

ጁፒተር ላይ አንድ ዘዴ አለች። ክሬም ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ብሩሹን ቡኒ ነክራችሁ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ያዙ፣ ልጁ እንጨቱን ቀስ እያለ ያሽከርክር። ብሩሹ ዞሮ ሲመጣ ቀጥ ያለ መቀነት ያወጣል። ሰፊም ጠባብም መቀነት እየቀያየራችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ከወገቡ በታች ሞላላ ቀይ ነጥብ አድርጉ። ያቺ ነጥብ ከመሬት የምትበልጥ ማዕበል ናት። ይህን ሲሰሙ ልጆች መሬትን አምጥተው አጠገቧ ያስተያያሉ፤ ተዉአቸው፣ ቀለሟ ከደረቀ ማለቴ ነው።

ሳተርን ፈዘዝ ያለ ቢጫ። ኪቱ የሚሰጣችሁ ቀለበት ካልጣማችሁ ያረጀ ሲዲ አምጡ። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ ካላችሁ ሲዲው ልኩ ነው ማለት ይቻላል፤ ዋናዎቹ ቀለበቶች ከፕላኔቷ ስፋት ሁለት እጥፍ ከሩብ ገደማ ይሰፋሉ፣ ሲዲ ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ኳሱን ትልቅ ሰው በቢላ ለሁለት ይክፈለው፣ ከዚያ ከሲዲው ግራና ቀኝ በኮላ ይለጠፍ። ወደ ውጪው ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ በጥቁር ማርከር አንድ ክብ መስመር አስምሩ፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካሲኒ እ.ኤ.አ. በ1675 ያየው ክፍተት ነው።

ዩራነስና ኔፕቱን ላይ ደግሞ መመሪያውን አትመኑ። ኔፕቱን ድቅድቅ ሰማያዊ የሆነው ቮዬጀር 2 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1989 ያነሳቻቸው ፎቶዎች ደመናው ጎልቶ እንዲታይ ቀለማቸው ስለተጠናከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ምስሎቹን መልሰው ሲያርሙ ሁለቱ ፕላኔቶች ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ፣ ሁለቱም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሰማያዊ። አንድ ቀለም በጥብጡ፣ ለኔፕቱን ጠብታ ሰማያዊ ጨምሩበት፣ አለቀ።

ይድረቅ። እስኪደርቅ ዕድሜ አስሉ። ሜርኩሪ ፀሐይን የምትዞረው በ88 ቀን ስለሆነ የ8 ዓመት ልጅ እዚያ 33 ዓመቱ ነው፣ ማርስ ላይ ግን ገና አራት ዓመት አልፎታል፣ ጁፒተር ላይማ አንድ ዓመትም አልሞላው፣ ምክንያቱም ጁፒተር አንድ ዙር ለመጨረስ 12 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አያትን በኔፕቱን አስሉ ብትሏቸው ይስቃሉ፤ የኔፕቱን አንድ ዓመት የእኛ 165 ነው።

ኪቱ ውስጥ ጨለማ ላይ የሚያበራ ቀለም ካለ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀባው፣ ከስሩ ያለው ቀለም ነጣ ሲል ይበልጥ ያበራል። መብራት ከማጥፋታችሁ በፊት አምፖል ስር አቆዩት።

ገጠማው ቀላል ነው። አጭሩ ዘንግ ለሜርኩሪ፣ ረጅሙ ለኔፕቱን። ስትሰኩ ጫፉን ኮላ አስነኩት። ጁፒተርና ሳተርንን በአንድ ወገን ካደረጋችሁ ማቆሚያው ያጋድላል፣ ፊት ለፊት አስቀምጧቸው። ጣሪያ ላይ የምትሰቅሉ ከሆነ ቀጭን የናይለን ክር ይሻላል፣ ከሩቅ አይታይም። ዩራነስን በጎኑ አስተኙት፤ ዘንጉ 98 ዲግሪ ያጋደለ ነው፣ ተኝቶ የሚሽከረከር ፕላኔት ነው።

አሁን የቀረው ርቀቱ ነው፣ እሱን ደግሞ የትኛውም ኪት አያሳይም። ኳሶቹን ከመስቀላችሁ በፊት ይዛችሁ መንደር መንገድ ላይ ውጡ። አንድ እርምጃችሁ ከፀሐይ እስከ መሬት ያለው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሁን። ፀሐይን የያዘው ይቁም፤ ሜርኩሪ ግማሽ እርምጃ አይሞላም፣ ማርስ አንድ ተኩል፣ ጁፒተር አምስት፣ ሳተርን ዘጠኝ ተኩል፣ ዩራነስ 19፣ ኔፕቱን 30። በዚህ ስሌት እውነተኛዋ ፀሐይ የሽምብራ ፍሬ ታክላለች፣ መሬት በዓይን አትታይም። ኔፕቱንን ድምፁ ለጎላው ልጅ ስጡት፣ ከዚያ ርቀት መጣራቱ አይቀርም።