ኢኳላይዘሩ ሲያስቸግር፦ የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻና የሃይ-ሬዝ ፋይል ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ሰው ማጫወቻውን «ተበላሽቷል» ብሎ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ኢኳላይዘሩ፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ማስተካከያ፣ እንዴት እንደተደረደረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብሎን ሳይፈታ ይድናል። እርስዎም ከታች ወዳሉት ምልክቶች ከመውረድዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ኢኳላይዘሩንና ሌሎቹን የድምፅ ማሳመሪያዎች በሙሉ ያጥፉ፤ ብሉቱዙን ትተው ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ይሰኩ፤ በደንብ የሚያውቁትን አንድ ዘፈን ያጫውቱ። ድምፁ ከጠራ ጥፋቱ የማስተካከያው ነው። ካልጠራ ግን ከፋይሉ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ወይም ከማጫወቻው ይፈልጉት።

ምልክት፦ ቤዙን ስጨምር ድምፁ ይሰነጠቃል

ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። ከበሮው በተመታ ቁጥር ጥርቅ ጥርቅ የሚል ነገር ይሰማል፤ ዘፋኙም ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

ምክንያቱ ጣሪያ ነው። ዲጂታል ድምፅ ከዜሮ ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያው የመጨረሻ ጫፍ) በላይ መውጫ የለውም። በዘመናችን የሚወጡት አብዛኞቹ ዘፈኖች ደግሞ ጮክ ብለው እንዲሰሙ ሲባል ገና ከስቱዲዮ ሲወጡ ጫፋቸው ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። 62 ሄርትዝ ላይ፣ ማለትም በወፍራሙ የቤዝ ክፍል፣ 6 ዴሲቤል ጨመሩ ማለት የዚያን ክፍል የሞገድ ቁመት እጥፍ አደረጉት ማለት ነው። መሄጃ ያጣው ሞገድ አናቱ ይቆረጣል፤ ስንጥቅጥቁም የሚመጣው ከዚያ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ድምፁን በጣም ዝቅ ያድርጉት። ዝቅ ብሎም ከተሰነጠቀ ሞገዱ የተቆረጠው ድምፅ መቆጣጠሪያው ጋር ሳይደርስ፣ እዚያው ኢኳላይዘሩ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ዝቅ ሲል ከጠራ ግን አቅም ያነሰው የማጫወቻው ማጉያ ወይም የጆሮ ማዳመጫው ነው።

መፍትሄው መቀነስ ነው። ፕሪአምፕ የሚል፣ ጠቅላላውን ድምፅ አስቀድሞ የሚቀንስ ማንሸራተቻ ካለ፣ ከጨመሩት ሁሉ በሚበልጠው ልክ ወደ ታች ያውርዱት፤ ትልቁ ጭማሪዎ 6 ከሆነ ፕሪአምፑ ከዜሮ በታች 6 ላይ ይቁም። ፕሪአምፕ የሌለው ማጫወቻ ከሆነ ከሁሉ ከፍ ያለው ማንሸራተቻ ዜሮ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሁሉንም እኩል ዝቅ ያድርጉ፤ ውጤቱ ያው ነው። ከዚያ የጎደለውን በድምፅ መጨመሪያው ይሙሉት። ባለ 24 ቢት ፋይል (እያንዳንዱ የድምፅ ልኬት በ24 አሃዝ የሚጻፍበት) እውነተኛ ጥቅሙን የሚያሳየው፣ በእኔ አስተያየት፣ እዚህ ላይ ነው። 16 ቢት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ሲኖረው፣ 24 ቢት በስሌት 144 ይደርሳል፤ 6 ዴሲቤል ቢቀነስለት አይጎዳም።

ይህን ካደረጉ በኋላ «ሕይወቱ ጠፋ» የሚሉ አሉ። ጆሮ ጮክ ያለውን የተሻለ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። ሁለቱን በእኩል ጩኸት ሳያስተካክሉ አይፍረዱ።

ምልክት፦ ሃይ-ሬዝ ፋይል ሲከፈት ኢኳላይዘሩ ይደበዝዛል፣ አይነካም

ለተራው ዘፈን ይሠራል፤ ሃይ-ሬዝ፣ ማለትም ከሲዲ በላይ ጥራት ያለው፣ 96 ወይም 192 ኪሎ ሄርትዝ የሆነው ፋይል ሲመጣ ግን ይተኛል። ብልሽት አይደለም። ኢኳላይዘር እያንዳንዱን ናሙና (በየቅጽበቱ የተለካውን የድምፁን ቁመት) እያነሳ የሚያሰላ ነው። የሲዲ ጥራት በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲኖረው የ192ቱ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ትንሽ አንጎልና ትንሽ ባትሪ ያለው ዕቃ ይህን ሁሉ እንዳይሸከም አምራቹ ራሱ ይዘጋዋል። ዲኤስዲ የሚባለው የፋይል ዓይነት ጭራሽ ሌላ ነው፤ በሰከንድ 2.8 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚወሰድ የ1 ቢት ናሙና ስለሆነ ወደ ተለመደው የዲጂታል ድምፅ አቀማመጥ፣ ወደ ፒሲኤም፣ ሳይለወጥ ቤዝም ሆነ ቀጭኑን ድምፅ ማስተካከል አይቻልም።

መጀመሪያ «ቀጥታ» ወይም «ንጹሕ» በሚል ስም የተቀመጠ ምርጫ በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። በሶኒ ዎክማን ላይ ዳይሬክት ሶርስ ይባላል፤ እርሱ ሲበራ ኢኳላይዘሩን ጨምሮ ማሳመሪያው ሁሉ ይታለፋል። ያጥፉት። የዲኤስዲ አወጣጥ ምርጫ ካለም ወደ ፒሲኤም ያዙሩት።

ይህም ካልረዳ ዋናውን ፋይል ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው ቅጂውን ዝቅ ያድርጉ። በፉባር 2000 ፕሮግራም 96ንና 192ን ወደ 48፣ 88.2ንና 176.4ን ደግሞ ወደ 44.1 ይቀይሯቸው፤ ሒሳቡ ያለ ሽርፍራፊ ይወጣል። 24 ቢቱን አይንኩት። ምን ይጎድልብኛል ለሚሉ፦ የሰው ጆሮ በወጣትነቱ እንኳን ከ20 ኪሎ ሄርትዝ እምብዛም አያልፍም፣ የ48ቱ ፋይል ደግሞ እስከ 24 ይይዛል። ቦታም ያተርፋሉ፤ ሳይጨመቅ በደቂቃ 69 ሜጋባይት የሚፈጀው የ192 ፋይል ወደ 17 ይወርዳል፣ ጥራት በማይቀንሰው የፍላክ ዘዴ ሲጨመቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በደንብ የተስተካከለ የ48 ፋይል፣ ኢኳላይዘር ከተነፈገው የ192 ፋይል ይበልጥብኛል።

እንደ አሮጌው አይፖድ ክላሲክ ወይም ሳንሳ ክሊፕ ፕላስ ያለ ዕቃ ያላቸው ሮክቦክስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር መጫን ይችላሉ። ኢኳላይዘሩ የፈለጉትን ድግግሞሽና ስፋት መርጠው የሚያስተካክሉት ዓይነት ነው፤ ጣሪያ እንዳይነካ ቀድሞ የሚቀንስበት ቦታም አለው።

ምልክት፦ ቤዝ ብጨምር ብጨምር አይመጣም

ማንሸራተቻውን ትተው የጆሮ ማዳመጫው ጫፍ ላይ ያለውን ጎማ ይለውጡ። ጎማው ጆሮን ካልደፈነ ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ይወጣል፤ የሸሸውን ኢኳላይዘር አይመልሰውም። ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ ቁጥር ሊፈልጉ ይችላሉ።

ምልክት፦ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይወጋሉ

የተለመደው ስህተት 4ንም፣ 8ንም፣ 16ንም ኪሎ ሄርትዝ በአንድ ላይ ወደ ታች መጫን ነው፤ ዘፈኑ ብርድ ልብስ የለበሰ ይሆናል። የትኛው ፊደል እንደሚወጋዎት ያዳምጡ። «ሰ» እና «ጸ» ከሆኑ 8 ኪሎ ሄርትዝን፣ «ሸ» ከሆነ 4ን በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ይቀንሱ። መሰንቆ ባለበት ዘፈን እጅዎ ይቆጠብ፤ የፈረስ ጭራው ፍትጊያ የሚኖረው እዚያው አካባቢ ነው።

ምልክት፦ ሃይ-ሬዝ የተባለው ፋይል ከድሮው አይሻልም

ፋይሉ ሃይ-ሬዝ ላይሆን ይችላል። ኤምፒ3ን ወደ 24 ቢት ፍላክ መቀየር ደቂቃ አይፈጅም፤ ስሙና ክብደቱ ይለወጣል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ስፔክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱት። ምስሉ 16 ኪሎ ሄርትዝ አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ከላይ ጨለማ ከሆነ መነሻው በ128 ኪሎ ቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ሳይሆን አይቀርም።

የእኛ የካሴት ዘመን ዘፈኖች ሌላ ጉዳይ ናቸው። የብዙዎቹ ዲጂታል ቅጂ የመጣው ከካሴት፣ ያውም ከተቀዳ ካሴት ነው። ከዚያ ላይ 192 ኪሎ ሄርትዝ ማንሳት የቴፑን ሽሽታ በጥንቃቄ መቅረጽ ነው። ለእነዚህ 16 ኪሎ ሄርትዝን በ4 ዴሲቤል ያህል፣ 250 ሄርትዝን ደግሞ በ2 መቀነስ ሽሽታውንና ጭቃውን ያቀልላል። ከዚያ በላይ ከነኩት የሚጠፋው ዘፋኙ ነው።

ምልክት፦ በብሉቱዝ ኢኳላይዘሩ ምንም አይለውጥም፣ ወይም ከልክ ያልፋል

ምንም የማይለውጠው አንዳንድ ማጫወቻ ኢኳላይዘሩን ለገመዱ መውጫ ብቻ ስለሚጠቀምበት ነው። ከልክ የሚያልፈው ደግሞ የጆሮ ማዳመጫው መተግበሪያም የራሱ ኢኳላይዘር ስላለው ሁለቱ ሲደራረቡ ነው። አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ የማጫወቻው ካልሠራ የጆሮ ማዳመጫውን ይጠቀሙ። በነገራችን ላይ ኤልዳክ የተባለው የብሉቱዝ ዘዴ የሚያሻግረው ቢበዛ በሰከንድ 990 ኪሎ ቢት ነው፤ ተራው ሲዲ እንኳን 1,411 ነው።

ምልክት፦ ሃይ-ሬዙ ይቆራረጣል

ፈጣን ካርድ ለመግዛት አይቸኩሉ። 24 ቢት 192 ኪሎ ሄርትዝ የሚፈልገው በሰከንድ 1.2 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው፤ ጤነኛ ካርድ ሁሉ ይችለዋል። መጀመሪያ ኢኳላይዘሩን አጥፍተው ይሞክሩ፤ መቆራረጡ ከቆመ የደከመው የማጫወቻው አንጎል ነውና ከላይ ባልኩት መንገድ ፋይሉን ዝቅ ያድርጉ። ካልቆመ ካርዱን ይጠርጥሩ። 256 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ፣ ውስጡ ግን የዚያን ሩብ ያህል እንኳን የሌለው ካርድ ገበያ ላይ አለ፤ የዘፈኑ ስም ይታያል፣ ሲነኩት ግን ዝም ይላል። ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ነፃ የመፈተሻ ፕሮግራም አለ፤ የነበረውን ሊያጠፋ ስለሚችል ሙዚቃዎን አስቀድመው ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። ፈተናውን ከወደቀ የሚጠገን ነገር የለውም፤ ለሻጩ ይመልሱት፣ ሻጩ ከተገኘ።