ፕሮጀክተሩ በርቶ አንባቢው ዝም ሲል፦ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የቅዳሜ ንባብ ሰዓት አዘጋጃለሁ። ፓወርፖይንት መጠቀም ስንጀምር ጥፋቱ ሁሉ የመሣሪያው ይመስለን ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነ

ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለውም። ስላይዱን ባዘጋጃችሁበት ኮምፒውተር ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብታችሁ «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚለውን ምረጡ፤ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር ይሄዳል። በሳጥን ፋንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ካያችሁ ግን ጽሑፉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ ነው። ፎንት መቀየር ብቻውን አያድነውም፤ በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፎንት እንደገና ተይቡት።

መግቢያው ላይ የተተወው ኮምፒውተር መጀመሪያው ስላይድ ላይ ቀረ

ስላይዱ ያለ አቅራቢ እንዲታይ «ብራውዝድ አት ኤ ኪዮስክ» የሚለውን ስትመርጡ ማውስ መጫን ወደ ቀጣዩ ስላይድ አይወስድም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የመጣ የሄደው እንዳያበላሸው ተብሎ የተሠራ ነው። ከኢንሰርት፣ ሼፕስ ውስጥ አክሽን በተን አምጥታችሁ በየስላይዱ «ቀጥል» እና «ተመለስ» አስቀምጡ።

ከኋላ ያሉት ማንበብ አልቻሉም

የእኛ ፊደል ሲያንስ ቶሎ ይጠፋል። «ሊ» እና «ሌ»ን የሚለያቸው እግራቸው ሥር ያለው ምልክት ነው፤ ከሩቅ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። በፊደል መጠን ከ32 በታች አትውረዱ። አልበቃ ካለ ፊደሉን ሳይሆን ቃሉን ቀንሱ።

ሁሉም ይሠራል፣ ተሰብሳቢው ግን አይናገርም

ብዙ ቅዳሜ የጠፋብን እዚህ ነው። ምክንያቱ መልሱን ሁሉ ስላይዱ ላይ መጻፋችን፣ ከዚያም እሱኑ ጮክ ብለን ማንበባችን ነበር። ልጅ የተነገረውን ለምን ይጠይቃል?

መፍትሄውን ያገኘነው ከእንቆቅልሽ ነው። አንድ ስላይድ፣ አንድ ጥያቄ፦ «ቅጠል አለው፣ ዛፍ አይደለም፤ ይናገራል፣ አፍ የለውም።» ልጆቹ «ምን አውቅልሽ!» ብለው ይቀበላሉ። ካቃታቸው «አገር ስጡኝ» እላለሁ፤ «ጎንደርን ሰጠንሽ» ይላሉ፤ መልሱ፣ መጽሐፍ፣ በቀጣዩ ስላይድ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ስላይዱ የሚጠብቀው እነሱን ነው።

ለወጣቶቹ በሥዕል እንጀምራለን። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለውን የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት ፎቶ ያለ ምንም ጽሑፍ እናሳይና «ይህ ቤት ለምን የተሠራ ይመስላችኋል?» እንላለን። በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፈዋል! እስር ቤት የሚል አለ፣ ጸሎት ቤት የሚል አለ። ክርክሩ ሲሞቅ ቢ ፊደልን እጫናለሁ፤ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ፊታቸውን እርስ በርስ ያዞራሉ። እባካችሁ ይህችን ቁልፍ ተጠቀሙባት። መልሱ ያለበት ስላይድ ላይ የምንጽፈው ሁለት ነገር ነው፦ ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 የገዙት ቀዳማዊ ዮሐንስ መሆናቸውን፣ እና 963 የሚለውን ቁጥር። መጻሕፍትን በየርዕሳቸው በቁጥር በሚለየው በዲዊ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ መደርደሪያ እሱ ነው። ቀሪውን ከመጽሐፍ ያገኙታል፤ ስለዚህ ከዚያ ስላይድ በኋላ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ለመደርደሪያው ተዉ።

መብራት ጠፋ

ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስ አልነሳም ካለ አታስገድዱት፤ የጋለው አምፖል እስኪበርድ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። እስከዚያው ጥያቄዎቹን በወረቀት አትማችሁ ያዙ። እንቆቅልሹ እንደሆነ ያለ መብራትም ይቀጥላል።