ራውተሩን የሰቀለው ልጅ ስልኩን ቢዘጋስ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ አማተር ራዲዮ (ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚሠራ የራዲዮ ግንኙነት) የምንነካካ ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነን። ከደብረ ሲና ጋር በዳታ ለመገናኘት ጣርማበር አፋፉ ላይ አንድ ራውተር (ዳታውን ተቀብሎ የሚያሻግር ዕቃ) ሰቅለናል። ተራራው ስለሚጋርድ ያለ እሱ አይሆንም። ሐምሌ ላይ ድንገት ጠፋ። የሰቀለው ልጅ ስልኩ ዝግ ነው። ባና ተከናንበን፣ ጉሙ ውስጥ ሳጥኑን ከፍተን ተፋጠጥን። አንድ ገመድ ተነቅሏል። ከየት እንደተነቀለ የሚናገር ወረቀት የለም። ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኘነው፤ አልበራም። "ተቃጥሏል" ብለን ነቅለን ወረድን።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ደውሎ ሳቀብን። ራውተሩ የሚፈልገው 24 ቮልት ነው፤ ባትሪው 12 ነው። መሀል ላይ ቮልት የምታሳድግ ትንሽ ዕቃ አለች፤ እሷን ዘለናታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ ጻፉ። ስለ ራውተሩ ሁሉን የምትመዘግቡበት ደብተር ቤት ነው፣ እናንተ ተራራ ላይ ናችሁ። ክዳኑ ውስጥ፣ በማይለቅ ማርከር፦ በኢቲ የሚጀምረው የጥሪ ምልክት (የራዲዮ ጣቢያው መለያ)፣ የአይፒ አድራሻ (የራውተሩ የኔትወርክ ቁጥር)፣ ስንት ቮልት፣ የቱ ገመድ ወዴት። ፓስወርዱን እዚያ አትጻፉ። ሁለት ሰው ዘንድ በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ።

ደብተሩ ላይ ያመሰን ሰዓት ነው። እኛ "ማታ 3 ሰዓት ተቋረጠ" እንላለን፤ ራውተሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚመዘግብ 18:00 ይላል። ሁለቱን ስናመሳክር ግማሽ ቀን ጠፋ። ዘዴው ቀላል ነው፦ የእኛን ወደ ዩቲሲ ለመቀየር የቀን ሰዓት ከሆነ 3 ደምሩ፣ የማታ ወይም የሌሊት ከሆነ 15፤ 12 ሰዓትን ግን እንደ 0 ቁጠሩት። 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት 01:00 ይሆናል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ።

ሲግናሉ ደህና በነበረበት ቀን ስንት እንደነበረም ይመዝገብ። የእኛ −64 ዲቢኤም ነበር (ዲቢኤም የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ሲግናሉ ደካማ ነው)። ክረምት ላይ −80 ስናይ መዳከሙን ያወቅነው ያ ቁጥር ስለነበረ ብቻ ነው።

ያልተሳካውንም ጻፉ፤ እንደውም እኔ የምሻው እሱን ነው። "አንቴናውን በባሕር ዛፉ በኩል አታዙሩ፤ በበጋ ይሠራል፣ ቅጠሉ ሲረጥብ ሲግናሉን ይበላዋል" የምትል አንዲት መስመር አንድ ሙሉ ቅዳሜ አትርፋልናለች።

ሲያልቅ ደብተሩን ሳጥኑን አይቶት ለማያውቅ ጀማሪ ስጡትና ዝም በሉ። የሚጠይቃችሁ ሁሉ ያልጻፋችሁት ነው። የእኛዋ ጀማሪ ገና ከመነሳቷ "የግቢው ቁልፍ ማን ጋ ነው?" አለች። ተያየን። አሁን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ፦ ቁልፉ ዘበኛው ጋሼ ዘንድ ነው፤ እሑድ ከሆነ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቁ።