ያፋ በርንና የዳዊትን ግንብ ከድንጋዩ ማንበብ

ኢየሩሳሌም ያፋ በር የደረሰን ሰው መጀመሪያ የሚያሳስተው የመኪናው መንገድ ነው። ታክሲ የሚያልፍበት ሰፊ ክፍተት በሩ አይደለም። በ1898 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም ሲመጣ ሠረገላ እንዲያልፍ ቅጥሩ ፈርሶ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ምሽግ ጉድባም ተሞልቶ የተከፈተ ነው። ስለዚህ ከውጭ ሲመጡ ከክፍተቱ በስተግራ ባለው ቅስት ይግቡ። ወደ ዴር ሱልጣን የሚጣደፉ ተሳላሚዎችም ለዚህ ቦታ አንድ ሰዓት ቢሰጡት ደግ ነው።

ቅስቱ በ1538 በኦቶማኑ ሱልጣን ሱሌይማን ዘመን የተሠራ ነው። ከገቡ በኋላ ጥቂት እንደተራመዱ ግድግዳ ይገጥምዎታል፤ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። እጥፋቱ ላይ ቆመው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይመልከቱ፤ አንዱ አፍ ከሌላው አይታይም። ጋላቢ ፈረሱን አስፈንጥሮ መግባት አይችልም፤ በሩን በግንድ ቢሰብሩትም ግንዱ ለመዞሪያ ቦታ አያገኝም። የበሩ ጉልበት ያለው ከመዝጊያው ይልቅ በዚህ መታጠፊያ ነው።

ከበሩ ሲወጡ በስተቀኝ «የዳዊት ግንብ» የሚባለው ምሽግ ይታያል። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሙን አምኖ ነው። በፖስትካርድ ላይ «የዳዊት ግንብ» ተብሎ የሚታየው ቀጭን ማማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የመስጊድ ሚናራ ነው። ትልቁ አራት ማዕዘን ግንብ ደግሞ ከዳዊት አንድ ሺህ ዓመት ያህል ዘግይቶ በሄሮድስ የተሠራ ነው፤ ሊቃውንቱ ከሄሮድስ ግንቦች ፋሳኤል የተባለው ነው፣ ሂጲቆስ የተባለው ነው እያሉ ይከራከሩበታል። ግንቡን የዳዊት ነው ያሉት የባይዛንታይን ዘመን ክርስቲያኖች ናቸው።

ዕድሜውን ለመለየት ከታች ወደ ላይ ይመልከቱ። የታችኞቹ ድንጋዮች ግዙፍ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ዙሪያ ጠርዝ ዝቅ ብሎ በጥንቃቄ ተጠርቧል፣ መሃሉ ግን ጎበጥ እንዳለ ተትቷል። ይህ የሄሮድስ ዘመን አሠራር ነው። በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ከተማዋን ሲያፈርሱ ግንቡን ለጦር ሰፈራቸው ስለፈለጉት ሳይነኩት ቀረ። ከፍ ሲሉ ድንጋዩ በአንድ ጊዜ ያንሳል፣ ጠርዙም ይጠፋል፤ ይህ ከብዙ ዘመን በኋላ የተደረበው ነው። ምሽጉ በ1219 በአዩቢድ ሥርወ መንግሥት ገዥ በአል ሙዓዘም ፈርሶ ነበር። ዛሬ የምናየውን ቅርጽ በአብዛኛው የሰጠው በ1310 ያሠራው የግብፁ የማምሉክ መንግሥት ሱልጣን አን ናስር ሙሐመድ ነው።

በቀትር ፀሐይ አይሂዱ፤ ብርሃኑ ከአናት ሲወርድ የድንጋዩ ጠርዝ ጥላ ስለማይኖረው ሁሉም አንድ ይመስላል። ግንቡ በምሽጉ ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ላይ ስለሆነ ፀሐይ በጎን የምታገኘው ጠዋት ነው። ፎቶ ሲያነሱ ትልልቁና ትንንሹ ድንጋይ የሚገናኙበትን መስመር ከነሰው ቁመት ያስገቡ፤ ያለ ሰው ቁመት የታችኛው ድንጋይ ትልቅነት በፎቶ አይታወቅም።